ጨምሪበት ያልኳት ልጅ

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

እኛ ዘንድ ዓርብና ቅዳሜ ታርፎ እሑድ ነው ትምህርት የሚጀመረው፤ ዛሬም አንድ ተማሪ አልመጣም። ጆቪታ ከጠዋት ጀምሮ የምክር ክፍሉን በር ከፍታ፣ ማራገቢያውን አዙራ፣ ፀጉሯን ስትፈታና ስታስር ዋለች። ከሳባህ ድረስ ባሕር ተሻግራ የመጣች ተለማማጅ አማካሪ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ሥራውን ከትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ከኔ፣ እንድትማር እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚህ መድቧታል። ያን ያህል ተምራ እንኳ እንደ ልጆቹ "ቺክጉ" ነው የምትለኝ፤ አስተማሪ ለሷም ያው አስተማሪ ነው።

"ቺክጉ ሶም፣ ፊቴ ያስፈራቸው ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

ፊቷማ ምን ያስፈራል፤ ክብ፣ ሳቂታ ፊት ነው። የሚያስፈራው ቦታው ነው። የምክር ክፍሉና የዲሲፕሊን ክፍሉ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ በራፍ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበርም የሁለቱም ናት። እዚያች ላይ የተቀመጠ ልጅ ወይ ሲጋራ ተይዞበታል ወይ ፀጉሩን አሳድጓል፤ ሌላ ምክንያት በዚህ ትምህርት ቤት አይታወቅም። የዲሲፕሊን ኃላፊው ዛኪ ደግሞ ባለፈ ባገደመ ቁጥር የተቀመጠውን ሁሉ "እህሳ፣ ምን አጥፍተህ ነው?" ይላል። ባለፈው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛዋ ደክሟት ብትቀመጥ እሷንም ጠየቃት።

ጆቪታ ደግሞ ከተማሪ ጋር ቁጭ ብላ ካላወራች አታልፍም። ኖቬምበር ላይ መምህሯ ሊያያት ይመጣል። የአምናው ተለማማጅ እንዲሁ ባዶ ወንበር ሲያይ ከርሞ ወድቋል። ርዕሰ መምህሩ ሃጂ ማዝላን ያኔ የተናገረው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ዩኒቨርሲቲው ሰው መላክ ካቆመ ክፍሉን የመጽሐፍ መጋዘን አደርገዋለሁ፤ አንቺም ወደ ታሪክ ማስተማርሽ ትመለሻለሽ።" እየሳቀ ነው የሚናገረው። ሰውየው ሲስቅ ነው የሚያስፈራኝ።

ማታ ባሌን ማሃዲን የመኪናዋን ቁልፍ የት እንዳደረገው ጠየቅሁት። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል "ነገ የት ልትሄጂ?" አለ። የትም። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

መላ አገኘሁ።

ኡልፋን ጠራኋት። የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ። በወረዳው የተረት ውድድር አዞም ንጉሥም አሮጊትም ሆና ዳኞቹን እያሳቀች ያስለቀሰች እሷ ናት። አባቷ ስለሞተ አጎቷ ነው የሚያሳድጋት። አጎቷ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ስለሆነ ልጅቷ አግዳሚዋ ላይ ብትታይ ማንም ክፉ አያስብባትም።

"ስሚ የኔ ልጅ፣" አልኳት፣ "ወደ ቺክጉ ጆቪታ ሂጂና ችግር እንዳለበት ሰው አዋሪያት። ከጓደኛሽ ተጣልተሻል፣ ፈተናም ፈርተሻል። በቃ። እንዳትስቂ ብቻ።"

"ማስመሰሌን ያውቃሉ?"

"አታውቅም። ካወቀችማ ምኑን ልምምድ ሆነ!"

ትንሽ አሰበች። "ቺክጉ፣ ከራሴ ብጨምርበትስ?"

"ጨምሪበት እንጂ! በመጨመር አንቺን ማን ያህልሻል።"

ተሳሳቅን። ነርሶችስ መርፌ መውጋት የሚለማመዱት በአሻንጉሊት አይደል? ማንን ጎዳሁ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ሐሙስ ከሰዓት ከጆቪታ ጋር ቁጭ ብለን የሠራችውን የምንገመግምበት ቀን ነው። ዛሬ እየበረረች ገባች።

"መጣችልኝ! ሁለት ጊዜ መጣች!" ስሟን አልነገረችኝም። "ተመካሪዬ" ነው የምትለው፤ የተመካሪን ስም መሸሸግ እንዳለባት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ።

ኡልፋ ያልኳትን አንድም ሳታስቀር አድርጋለች። ጓደኛ፣ ጠብ፣ ፈተና። ጆቪታም ደህና አድርጋ አድምጣለች፤ ልክ እንዳሳየኋት ዝም ማለትን ችላበታለች። አንድ ነገር ብቻ ገረማት። "'የሚመጣው ዓመት ምን መማር ትፈልጊያለሽ?' ስላት ርዕስ ቀየረች። እንደገና ስጠይቃት የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ ማሰር ጀመረች።"

"ጻፊው፣" አልኳት። "ቃል ብቻ ሳይሆን እጅም ይታያል።"

ጎበዝ ልጅ። ማሰሪያው የማን ሐሳብ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ስብሰባ፣ የፈተና ወረቀት፣ ስብሰባ። ሃጂ ማዝላን በራፉ ላይ ተማሪ አይቶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ከኡልፋ ወዲህ ሁለት ልጆች በራሳቸው መጥተዋል፤ አንዷን ወንድሟ ይመታታል፣ ሌላው ሒሳብ አይገባውም። አየሽ፣ ሠርቷል።

ዝናቡ ጀመረ። ጎርፍ ሲመጣ ይዣት የምወጣውን ሻንጣዬን ከበሩ ኋላ አውጥቼ ደግሜ ከተትኩ። ማሃዲ "ገና ለገና ምን ያጣድፍሻል" ይላል። ሻንጣዋ ዓመቱን ሙሉ እዚያው እንደምትከርም ልብ ያለው አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ጆቪታ እስከ ሐሙስ መጠበቅ አቃታት፤ በምሳ ሰዓት መጣች። በአበባ የተቀለመ ሰማያዊ ሩዟን አልነካችውም።

"ቺክጉ፣ ተመካሪዬ እቤቷ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። እናቷ መቆጣት አቆሙ።"

"ታዲያ ይኼ ጥሩ አይደል?"

"እኔም እንዲያ ብያት ነበር። 'አይ ቺክጉ፣ ድሮ ሳህን ብሰብር ሰፈሩ ይሰማ ነበር፤ አሁን ሳህን ስሰብር ፀጉሬን ይዳብሱኛል' አለችኝ። ከዓሣው ደህናው ለሷ ነው የሚወጣው። ልብስ ሰፊዋም ሁለት ጊዜ መጥታ ለካቻት፤ ምን እንደሚሰፋላት ግን የነገራት የለም።"

ክው አልኩ። ከዚያ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ጨምሪበት ብያት የለ! ግን ከየት አመጣችው? እንዲህ ያለውን ነገር ከልብ ወለድ አያገኙትም። እናቴም በዚያ ዓመት መቆጣት አቁማ ነበር። የዓሣውን ሆድ ለኔ ታወጣልኝ ነበር፣ አጥንቱን በጣቷ እየለቀመች...

ምን ነካኝ። ለጆቪታ ከስሜቷ ጋር እንድትቆይ፣ እንዳትቸኩል ነገርኳት። ይኼ ትክክለኛ ምክር ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ኡልፋን ከሶላት ቤቱ ስትወጣ ጠብቄ ያዝኳት።

"አንቺ! የልብስ ሰፊዋን ነገር ከየት አመጣሽው?"

ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ ልበል? አይ፣ የወትሮው ነው።

"ጨምሪበት ብለውኝ የለ፣ ቺክጉ?"

"ብያለሁ። ግን እውነት አስመሰልሽው እኮ።"

"ቺክጉ ጆቪታ ሲያዳምጡ ቀላል ነው፤ ያምናሉ።" ከዚያ ፈገግ አለች። "ቺክጉ፣ ላቁም ወይስ ልቀጥል?"

"መምህሯ መጥቶ እስኪሄድ ቀጥይ።"

"እሺ፣" አለች። መሐረቧን አስተካክላ ሄደች። አልሐምዱሊላህ፣ ልቤ መለስ አለ። ትወና ነው። ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቃት?

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

የልብስ ሰፊዋ ነገር ከልቤ አልወጣ ቢለኝ ለሃጂ ማዝላን ትንሽ ጫፉን ልነካለት ብዬ ቢሮው ገባሁ። "ስለ ኡልፋ ላማክርዎት ነበር፣" አልኩት። ገና ከዚህ ሳላልፍ እጁን አነሳ።

"ቺክጉ ሶም፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አጎቷ ባይኖር የዚህን ትምህርት ቤት ጣሪያ ማን ያድስልን ነበር? አንቺ ተማሪ ስለ ማጥናት ምከሪ።"

"እሺ፣" ብዬ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ነው ያሰብኩት፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ገና አልነገርኩትም ነበር። ምናልባት ገምቶ ነው። አላህ ይወቀው። ሰው ሲያረጅ ብዙ ይገምታል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

የጆቪታ መምህር መጣ። አልፋለች! "ማድመጥ ታውቂበታለሽ፤ ጥሩ ሰው እጅ ላይ ወድቀሻል" አላት፤ ያ ጥሩ ሰው እኔ መሆኔ ነው። ሃጂ ማዝላን የተጠበሰ ሙዝ አስመጣ፣ ዛኪም ሳይቀር አጨበጨበ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛልም። ራሴን ነው ያመመኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ሁሉንም ልጻፈው፤ እንቅልፍ እንደሆነ ዛሬም የለም።

ጆቪታ በሩን ዘግታ ገባች፤ ከንፈሯ ደርቋል። "ቺክጉ፣ ይኼን ነገር ከዚህ በላይ ይዤው ማደር አልችልም። ተመካሪዬን ሊድሯት ነው። ጎማ ነጋዴ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ ከእናቷ የሚበልጥ። እዚህ በዕድሜዋ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ እንደማይፈቅድ ስላወቁ፣ የዝናቡ ውሃ ሲጎድል በጀልባ የድንበሩን ወንዝ አሻግረው ታይላንድ ወስደው ኒካሕ ሊያስሩላት ነው። ትናንት ማታ እናቷና አጎቷ ሲነጋገሩ በሳንቃው ሽንቁር ሰምታለች። እኔ ተለማማጅ ነኝ፤ ለማኅበራዊ ደህንነት መሥሪያ ቤት መናገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ዛሬውኑ እንደውልላቸው።"

ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በእጄ ሰጠችኝ። ለማን ነው የምደውለው? ስለ ወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር? ሃጂ ማዝላን "አንቺ ስለ ማጥናት ምከሪ" ያለኝ ከአራት ቀን በፊት ነው። እና ደግሞ ልጅቷ በአፏ፣ ፊቴ ቆማ፣ ትወና ነው ብላኛለች። ብላኛለች አይደል?

"ቁጭ በይ ጆቪታ፣" አልኳት። "የምነግርሽ ነገር አለ። አትቀየሚኝ።"

ነገርኳት። ተመካሪሽ ኡልፋ ናት፣ የላክኋት እኔ ነኝ፣ ታሪኩንም የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ አንቺ እንድታልፊ ብዬ ነው፣ ልጅቷ የተረት ሻምፒዮን ናት፣ ታውቂያታለሽ፣ ምላሷ ማር ነው። ስናገር ድምፄ የሬዲዮ ማስታወቂያ ይመስል ነበር።

ጆቪታ ኩም አለች። ብታለቅስ በወደድኩ።

"እኔ እኮ ማታ ማታ እየጸለይኩላት ነበር፣" አለች።

"ጸሎቱ ለሌላ ይሆናል፣" አልኳት። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ይወጣል?

"ይኼን ሁሉ እርስዎ ነዎት የነገሯት? ልብስ ሰፊዋን? ወንዙን? ሽንቁሩን?"

"እሱን እሷ ጨምራበት ነው።"

ስልኬን ከእጄ ወስዳ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ፣ እንደሚሰበር ነገር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ጆቪታ ዛሬ ለኡልፋ ነግራታለች። ስትነግረኝ መስኮቱን እያየች ነበር፤ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ እኔን ማየት ትታለች።

"'ማስመሰልሽን አውቄያለሁ፣ ከእንግዲህ መድከም የለብሽም' አልኳት። እሷም 'ቺክጉ ሶም ናቸው የነገሩዎት?' አለችኝ። አዎ አልኳት። 'ቺክጉ ሶም ትወና ነው አሉ?' አለችኝ። አዎ አልኳት። 'ታዲያ ሐሙስ አልመጣም ማለት ነው?' አለች።"

"አንቺስ?"

"'አያስፈልግም' አልኳት። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ እጄን ስማ ወጣች።" አሁን ዞር ብላ አየችኝ። "ቺክጉ፣ ቀልድ የተያዘበት ልጅ ይስቃል ወይ ያፍራል። እሷ አልሳቀችም፣ አላፈረችምም።"

"ደህና ተዋናይ አትስቅም።" ይኼን ነው የመለስኩላት።

ተዘጋ። በሰላም ተዘጋ። ታዲያ እራት ለምን አልወርድ አለኝ? ማሃዲ "ምን ሆነሻል?" አላለም፤ ዓሣው ጨው አንሶታል አለ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 27

ዝናብ። ሌት ተቀን። ወንዙ የገበያውን ደረጃ በላው። ትምህርት ተዘግቷል። ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሆኗል፤ መምህር ሁሉ ይምጣ ተብሏል። ማሃዲ ወንድሙ ዘንድ፣ ደጋ ላይ። "ነይ" አለኝ። ሥራ አለብኝ አልኩት። ሻንጣዬን ይዣለሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ሰው በሰው ላይ። በየክፍሉ አምስት ስድስት ቤተሰብ ተኝቷል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እርጥብ ልብስ ይሰጣል። አዳራሹ መግቢያ ላይ የማኅበራዊ ደህንነት ሠራተኞች ጠረጴዛ ዘርግተው የሚገባውን ሰው ይመዘግባሉ፤ አለቃቸው ሃይሪያ የምትባል ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት። ጆቪታም የተከራየችው ክፍል ስለተጥለቀለቀ እዚሁ ናት። ሕፃናት ሰብስባ ታዘፍናለች። ከኔ ጋር ግን ከሰላምታ አናልፍም።

ከቀትር በኋላ የኡልፋ አጎት ጀልባ መጣ። ኡልፋ ወረደች፣ እናቷ ወረዱ፣ ዕቃ መውረድ ጀመረ። እኔም ልቀበል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ቀለል ያለ ነገር ነው። ጫፉ ተቀዶ ውስጡ ታየኝ። የሙሽራ ስጦታ የሚደረደርባቸው ትሪዎች ናቸው፤ ባለ ዳንቴል፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ከሥራቸው በወርቅ ክር የተጠለፈ ቢጫ ሐር፣ ተሰፍቶ ያለቀ። ወገቡ ጠባብ፣ የልጅ ወገብ።

"የትምህርት ቦርሳዋስ?" አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

"እሱንማ ውሃ ወሰደው፣" አሉ እናቷ። "ምን ያደርጋል፣ ከእንግዲህ ብዙም አይፈለግም።" ክፋት የለባቸውም፤ ደክሟቸዋል። ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። አንድ መንደር ነው ያደግነው። "ምነው ፊትሽ ጠቆረ ሶም? አንቺም በሷ ዕድሜ አይደል የተዳርሽው? ምን ሆንሽ? ይኸው ቺክጉ ሆነሽ አገር ታስተምሪያለሽ።"

"ምንም አልሆንኩም፣" አልኳቸው።

ኡልፋ አጠገባችን ቆማ ነበር። ሰማች። ትሪዎቹን ከእጄ ወስዳ ወደ ክፍላቸው ገባች፤ የራሷ የመማሪያ ክፍል ነው፣ ሦስት ለ።

ምንም አልሆንኩም? በሠርጌ ማግስት ጠዋት ኩሽና በር ላይ ቆሜ የትምህርት ቤቱን ደወል ሰማሁ፤ እግሬ ሊሄድ ተነሣ። ሰባት ዓመት ጠብቄ ነው የተመለስኩት፣ ያውም በማሃዲ ፈቃድ። እስከ ዛሬ ቁልፍ እጠይቃለሁ። ያ ረቢ፣ እኔ እኮ አውቄ ነበር። የዓሣውን ነገር የሰማሁ ቀን አውቄያለሁ። ልታምናት የምትችል ጆቪታ ብቻ ነበረች፤ እሷንም እኔው ሄጄ ዘጋሁባት።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1

ትናንት የሆነውን ነው የምጽፈው።

ሲነጋጋ ኡልፋን ከማብሰያው ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ አንድ ሳህን አነሳሁ።

"ኡልፋ፣" አልኳት፣ "ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ..."

"የትኛውን ልንገርዎት ቺክጉ? የሰጡኝን ነው የራሴን?" አነጋገሯ ውስጥ ንቀት የለም። መልሱን ስለምትፈልግ ነው የጠየቀችኝ።

"የራስሽን።"

"ለእርስዎ አልናገርም።" ሳህኑን አለቀለቀች። "ያን ቀን ላቁም ወይ ብዬ ስጠይቅዎት 'ምን ሆነሽ ነው?' ይሉኛል ብዬ ነበር። እርስዎ መምህሩ እስኪሄድ ቀጥይ አሉኝ።"

"አዎ። ብያለሁ።"

"ለቺክጉ ጆቪታ ከሆነ እናገራለሁ። ግን እሳቸው አሁን አያምኑኝም።"

"ታምንሻለች። እኔ ሄጄ እነግራታለሁ። ከዚያ ሃይሪያ የምትባለው ሴትዮ ጋ እንሄዳለን፤ ይኼን ማስቆም የምትችል እሷ ናት። ሰው ሁሉ ያየናል፤ እናትሽም አጎትሽም። ትሄጂያለሽ?"

ዝቅ ባለ ድምፅ "ውሃው እየጎደለ ነው ቺክጉ፣" አለች። በዋዜማው ከግቢው ማዶ እስከ ቤቶቹ መስኮት የነበረው ውሃ እስከ ጉልበት ወርዶ ነበር። ቅድም አጎቷ የጀልባ ነዳጅ ሲሞላ ሁለታችንም አይተናል።

ጆቪታን ሕፃናቱ መሃል አገኘኋት። "ውሸቱ የኔ ነው፤ የልጅቷ እውነት ነው፣" አልኳት። ሌላ ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። ፊቴን አየችኝ። ከዚያ የያዘችውን ሕፃን ለእናቱ ሰጥታ ተነሣች።

አዳራሹን አቋረጥን፤ ኡልፋ መሃል፣ እኔና ጆቪታ ግራና ቀኝ። ሩዝ የሚበላው ሁሉ ማንኪያውን ይዞ ቀረ። እናቷ "ኡልፋ? ወዴት ነው?" አሉ። አጎቷ ጭልፋ በእጁ፣ ለሰው እየቀዳ ነበር። ሃጂ ማዝላን ደግሞ እየሳቀ መንገዴ ላይ ቆመ።

"ቺክጉ ሶም፣ ሰው ሁሉ ፊት? ቢሮ ገብተን አንነጋገርም?"

"ቢሮ ገብቼ ነበር ሃጂ። ምን እንደሆነ ሳልነግርዎት የቤተሰብ ጉዳይ ነው አሉኝ።"

ሳቁ ጠፋ። አልፌው ሄድኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ብቆም ወደ ኋላ እንደምመለስ ስለማውቅ ነው።

ሃይሪያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነገሩን በአጭሩ ስነግራት አቋርጣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" አለችኝ።

"ከሦስት ሳምንት በላይ።"

"አማካሪዋ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶዋን አንስታ መልሴን ጻፈች። ኡልፋንና ጆቪታን ይዛ ወደ ምክር ክፍሉ ገባች፤ ክፍሉ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ተከምሯል፣ እሱ ላይ ተቀመጡ። ሲወጡ ሃይሪያ አዳራሹ መሃል ቆማ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ "ይቺ ልጅ ያለ እኔ ቃል ከዚህ ግቢ አትወጣም። ውሃው ጎደለም አልጎደለ!" አለች። ለድንበር ፖሊስም ደወለች። አጎቷ ጭልፋውን ወርውሮ ጮኸ፣ ስሜን እያነሣ ሰደበኝ። እናቷ አልጮኹም። ትሪዎቹ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ለማን እንዳለቀሱ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

መንገዱ ተከፈተ። ሰው ጭቃውን ሊጠርግ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ሃጂ ማዝላን በሌላ ሰው ልኮ ነገረኝ፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ክፍሉ መጋዘን ይሆናል። ማሃዲ ደውሎ "መቼ ነው የምትመጪው?" አለ። "መንገዱ ገና ነው" አልኩት። ሻንጣዬ አጠገቤ ናት።

ኡልፋ ዛሬ ከሰዓት ከሃይሪያ ጋር ትሄዳለች፤ ለጊዜው ሌላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና እዚያው ትማራለች። ከመሄዷ በፊት ከጆቪታ ጋር አንድ ሰዓት ይሰጠኝ አለች። ሰጧት። በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም፤ አልፈርድባትም። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው።

እንዳይረብሿቸው ብዬ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ድምፅ አይሰማም። አንድ ጊዜ ብቻ ኡልፋ ሳቀች፤ የውድድሩ ሳቅ አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ጆቪታ ምን ብላት እንደሆነ አልጠይቅም።

ዛኪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ባልዲ ተሸክሞ መጣ። ሳያየኝ ሊያልፍ ነበር፤ ከዚያ ቆመና ሳቀ።

"እህሳ ቺክጉ ሶም፣ አንቺ ደግሞ ምን አጥፍተሽ ነው?"

ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።

"ባልዲህን አስቀምጥና ቁጭ በል፣" አልኩት፣ "እነግርሃለሁ።"